እንጦጦን በእግር መዞር ስለ ምን ይጠቅማል?

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አነጋገር ለአዲስ አበባ ነዋሪ፣ በተለይም ለተማሪውና ለወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሆን ተብሎ የተነገረ ይመስላል። ከአገራችን ከልዩ ልዩ ክፍል ወደ ዋናው ከተማ የመጣው ወጣት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ የጎንደርን ግንብና የአክሱምን ሐውልት ለማየት ይመኛል፤ ምኞቱም የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ጧት መስኮቱን ሲከፍት በስተ ሰሜን ተገትሮ የሚያየውን ተራራ፣ እንጦጦን፣ በእግሩ ዞሮ አይቶት እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አንድ ቀን በመኪና ወጥተን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን ተመልሰናል» የሚል ነው።

እኛ ግን የምንለው ይህ ነው፤ እንጦጦን በመኪና ወጥቶ፣ በወጡበት መንገድ መመለስ ተራራውን እንደ ማየት አይቈጠርም። እንጦጦ መታየት ያለበት በእግር ነው፤ ያውም በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላ በኩል በመውረድ ነው። እንዲህ ያለው ጉዞ ለእግር ማፍታቻና ንጹሕ አየር ለመቀበል ብቻ የሚጠቅም መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው እንዲከታተለን እንለምነዋለን። የእንጦጦ ጉዳይ የሽርሽር ጉዳይ ብቻ አይደለምና። ነገ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ስለ ሰውና ስለ መሬት ውሳኔ የሚጽፈው ወጣት፣ የሚጽፍበትን ነገር የማወቁና ያለማወቁ ጉዳይ ነው።

መንገዱ ለማንም ቅርብ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ሰሜን የሚወስደውን አውራ ጎዳና ይዞ ሽሮ ሜዳ የደረሰ ሰው ከተራራው እግር ሥር ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ ዳገቱን ይዞ ወደ እንጦጦ ማርያም ይወጣል፤ ቤተ ክርስቲያኑንና በአጠገቡ ያለውን የዳግማዊ ምኒልክን አሮጌ ቤተ መንግሥት ከተመለከተ በኋላ በሸንተረሩ ላይ ወደ ራጉኤል ይዘልቃል። ሲመለስ ደግሞ በመጣበት አስፋልት መውረዱን ትቶ፣ በጫካው ውስጥ በሚያወርደው የእግር መንገድ ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይወርድና ዞሮ ሽሮ ሜዳ ይገባል። በማለዳ ተነሥቶ፣ እያረፈና እየጠየቀ ለሚሄድ ሰው ጉዞው የአንድ እሑድ ሥራ ነው።

ስለ ዳገቱ አስቀድመን እንናገር። የአዲስ አበባ መካከል ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሲሆን፣ የእንጦጦ ሸንተረር 3000 ሜትርን ያልፋል፤ ከፍተኛው ጫፉም ወደ 3200 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ሲውል የከረመ ሰው ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ልቡ መምታት፣ ጉልበቱም መላላት ይጀምራል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የመሰሉ ሯጮቻችን በዚህ ተራራ ላይ ሲሮጡ የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሳስቶ በሚገኝ አየር ውስጥ የለመደ ሳንባ ቈላ ሲወርድ ይበረታልና። ስለዚህ ለጤና የሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ፣ ገንዘብም የማይጠይቅ መድኃኒት አያገኝም።

ከላይ ሲደርሱ በመጀመሪያ የሚታየው ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸውን በዚህ ተራራ ላይ አድርገው ነበር። ስፍራው ጠላትን ከሩቅ ለማየትና ለመከላከል የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ብርዱና ነፋሱ የበረታ፣ እንጨቱም የሚያጥርበት ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከበታች ያለውን የፍልውሃን ሜዳ ስለ ወደዱት፣ በ1879 ዓ.ም በዚያ ቤት አሠርተው ስፍራውን «አዲስ አበባ» ብለው ሰየሙት፤ መኳንንቱና ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ተከትለው ወረዱ። ይሁን እንጂ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ለመሆን ዘውድ በጫኑ ጊዜ፣ ማለት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም፣ በዓሉ የተፈጸመው አዲስ በተቈረቈረው ከተማ አልነበረም። አቡነ ማቴዎስ ቀብተው ያነገሡአቸው በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተማው ቢወርድም ክብሩ ገና ከተራራው ላይ አልወረደም ነበር ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን ሆኖ የተሠራ ነው፤ በግቢው ባለው ሙዚየምም የነገሥታቱ አልባሳትና ንዋያተ ቅድሳት ይታያሉ። እኛ ግን ለወጣቱ ሠራተኛ ከሁሉ ይልቅ አተኵሮ እንዲያየው የምንመክረው ቤተ መንግሥቱን ነው። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው በእንጨት የተዋቀረ፣ ዛሬ አንድ መካከለኛ ባለጸጋ ሊኖርበት የማይወደው ቤት ነው። ነገር ግን ከዚህ ቤት ብዙ አገር ተስተዳድሯል፤ መልእክተኞች ወጥተውበታል፤ ፍርድ ተሰጥቶበታል። «ጠረጴዛዬ ጠባብ ነው፤ ምንጣፍ አልተነጠፈልኝም፤ ቢሮዬ መስኮት የለውም» እያለ ሥራውን የሚያጓትት ሠራተኛ፣ በዚህ የጭቃ ግድግዳ ፊት ጥቂት ደቂቃ ቢቆም መልካም ነው እንላለን።

እስከዚህ ያለውን በመኪና የወጣውም ሰው ያየዋል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን የሚያየው በእግሩ የሚዞረው ብቻ ነው። በአንድ ቤት እንግዳ የሚያየው እልፍኙን ነው፤ የቤቱ ልጅ ግን ጓዳውንም ያውቃል። ማርያምና ቤተ መንግሥቱ የእንጦጦ እልፍኝ ናቸው። ከተማውን ሲመግብና ሲያሞቅ የኖረው ጓዳ ግን በሸንተረሩና በጫካው ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ውሃው። በሸንተረሩ ላይ የሚሄድ መንገደኛ ቆም ብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢመለከት፣ በስተ ደቡብ አዲስ አበባን፣ በስተ ሰሜን ደግሞ የሱሉልታን ሜዳ ያያል። ይህ ሸንተረር ሁለት ታላላቅ ወንዞችን የሚለይ ድንበር ነው። በደቡቡ ፊት የሚወርደው ዝናብ በቀበናና በቀጨኔ፣ እነዚህንም በመሰሉ ጅረቶች ከተማውን አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ ውስጥ ያልቃል። በሰሜኑ ፊት የወረደው ደግሞ በሱሉልታ በኩል ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ገብቶ፣ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲቴራንያን ባሕር ይደርሳል። እንግዲህ ከአንድ ደመና የወረዱ ሁለት ጠብታዎች፣ አንድ ክንድ ያህል ተራርቀው በመውደቃቸው፣ አንዱ በበረሃ ሲቀር ሌላው ባሕር ይገባል። ይህን በትምህርት ቤት ካርታ ላይ ያጠና ተማሪ ፈተናውን ሊያልፍበት ይችላል፤ በእግሩ ቆሞበት ያየ ሰው ግን ዕድሜውን ሁሉ አይረሳውም።

ቀጥሎ ስለ እንጨቱ። በቀድሞው ዘመን የነገሥታት ከተማ በአንድ ስፍራ ብዙ አይቈይም ነበር። ሠራዊቱና ሕዝቡ በዙሪያው ያለውን እንጨት ቈርጦ ሲጨርስ ከተማው ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። አዲስ አበባም ይህ ዕጣ ደርሶባት ነበር። ገና ሁለት ዐሥርት ዓመት ሳይሞላት የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ከሩቅ የሚመጣ ሆነ፤ ስለዚህ ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም ገደማ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ቈርቍረው፣ ከተማውን ወደዚያ ለማዛወር አሰቡ። ሐሳቡ ግን ሳይፈጸም ቀረ፤ በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ሊሆን የተጀመረውም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ከመፍለስ ካዳኑአት ነገሮች አንዱና ዋናው፣ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ከአውስትራልያ የመጣው ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ በመሆኑም ሕዝቡ «ባሕር ዛፍ» አለው። ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይደርሳል፤ ሲቈርጡትም ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። በዚህ ምክንያት እንጦጦ በባሕር ዛፍ ተሸፈነ፤ ከተማውም በስፍራው ረጋ። ዛሬ በመናፈሻው የምንዘዋወርበትን ጥላ ለጌጥ የተተከለ አድርጎ የሚያስብ ወጣት ካለ፣ ያ ዛፍ የተተከለው እናቶች እንጀራ እንዲጋግሩ፣ አባቶችም ጎጆ እንዲቀልሱ መሆኑን ይወቅ።

ይሁን እንጂ ይህ ባለውለታ ዛፍ ዕዳም አለበት። ከጠበሉ በላይ ባለው ቍልቍለት የሚወርድ ሰው ልብ ብሎ መሬቱን ይመልከት። ባሕር ዛፍ በበዛበት ስፍራ ሣሩና ቍጥቋጦው የሳሳ ነው። ያም ሆኖ የረገፈው ቅጠል መሬቱን ቢሸፍነው አፈሩን በጠበቀው ነበር፤ ነገር ግን ቅጠሉ ራሱ ለምጣድ ማገዶ ስለሚሆን እየተጠረገ ይሄዳል። ስለዚህ የክረምት ዝናብ ሲወርድ ራቍቱን የቀረውን መሬት እየላገ፣ አፈሩን ይዞ በአንድ ጊዜ ወደ ከተማው ይደርሳል። በክረምት ወራት ቀበና ሞልቶ ሲያስጨንቀን ጥፋቱን በወንዙ እንጥላለን፤ ጎርፉ የሚጀምረው ግን ከላይ፣ ከተጠረገው ቅጠል ሥር ነው። ጽዱና ወይራው በቀሩበት ስፍራ ደግሞ መሬቱ ለስላሳ፣ ውሃውም ቀስ ብሎ የሚሰርግ መሆኑን መንገደኛው በእግሩ ይለየዋል። አባቶቻችን ይህን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በመናገሻ ጫካ አስዘሩ እየተባለ ሲነገር መኖሩ ለዚህ ምስክር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን በዚህ የጫካ መንገድ የሚገኘው ትልቁ ትምህርት ሰው ነው። መንገዱን ያቀናው መሐንዲስ አይደለም፤ ጎብኚም አይደለም። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ወደ ገበያ ሲወርዱ የኖሩ ሴቶች እግር ነው። ሸክማቸው ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ ከራሳቸው ቁመት የሚረዝም ነዶ በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ጐብጦ፣ ዐይናቸው ከመሬት ሳይነሣ ይሄዳሉ። በቍልቍለቱ ላይ የሚያገኛቸው ወጣት መንገድ ይልቀቅላቸው፤ «እናቴ፣ በርቱ» ይበላቸው፤ ሳያስፈቅድም ፎቶግራፍ ለማንሣት አይሽቀዳደም። ከዚያ ደግሞ ያስብ።

ምኑን ያስብ? ቢባል፣ ይህን ነው። በአንድ በኩል፣ ዛፉ ያለ ልክ ከተቈረጠና ቅጠሉ ከተጠረገ ተራራው ይራቈታል፤ ከተማውም በጎርፍ ይቀጣል። በሌላ በኩል፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀመጠ ሠራተኛ «ከዛሬ ጀምሮ እንጨት መልቀም ክልክል ነው» የምትል አንዲት መስመር ጽፎ ማኅተም ቢመታባት፣ ያቺ መስመር የዚያች ሴት የልጆች ራት ናት። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ተራራውን ብቻ ካየ፣ በሴቲቱ ላይ ይጨክናል። ሴቲቱን ብቻ ካየ ደግሞ ተራራውን ይበድላል። ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ ያየ ሰው ግን «ከመከልከሌ በፊት ምን ሥራ ልሰጣት? ማገዶውስ በምን ይተካ?» ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል። ከእነዚህ ሴቶች መካከል ሽመናን የመሰለ ሌላ ሥራ የተገኘላቸው መኖራቸው፣ ጥያቄው ተገቢ መልስ ሊገኝለት እንደሚችል ያሳያል። በእኛ አስተያየት፣ ዙሪያውን መሄድ ለሹም የሚሰጠው ዋና ጥቅም ይህ ነው፤ አንዱን ወገን ይዞ እንዳይፈርድ ያደርገዋል።

አንዳንድ ሰዎች «እንጦጦ እኮ በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ መናፈሻ ሆኖ ተከፍቷል፤ መንገድ ተጠርጓል፤ መዝናኛ ተሠርቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?» ይሉ ይሆናል። በእርግጥ ሥራው መልካም ነው፤ ብዙ ሕዝብም ተራራውን እንዲወድ አድርጎታል። በ2007 ዓ.ም የተመረቀው የከዋክብት መመልከቻም፣ ነገሥታት በኖሩበት ተራራ ላይ ወጣቶቻችን ሰማዩን እንዲያጠኑ አስችሏል። ነገር ግን መዝናኛ ስፍራ አንድ ነገር ነው፤ ትምህርት የሚሰጥ መንገድ ሌላ ነው። በዙሪያው መንገድ ላይ በየምዕራፉ አንዳንድ ሰሌዳ ቢተከልና «ይህ ሸንተረር አዋሽንና ዓባይን ይለያል»፤ «ይህ ዛፍ ይህ ይባላል»፤ «ከዚህ ስፍራ ከተማው ወደ ፍልውሃ ወረደ» የሚል አጭር ጽሑፍ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍበት፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል። የእግር መንገዱም ለመኪናና ለግንባታ ሲባል እንዳይጠፋ ሊጠበቅ ይገባዋል። አሮጌ የእግር መንገድ እንደ አሮጌ ሕንፃ ሁሉ ቅርስ ነውና።

ሌሎች ደግሞ «ጫካው ያስፈራል» ይላሉ። ይህ ቃል ሐሰት አይደለም፤ ብቻውን፣ ያውም አመሻሽ ላይ ወደ ጫካ የሚገባ ሰው ለቀማኛም ለጅብም ይመቻል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለው አምስት ስድስት ሆኖ በማለዳ መነሣት፣ የስፍራውን መንገድ የሚያውቅ ሰው መያዝና ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ መውረድ ነው። ነፋሱ ብርቱ ስለ ሆነ ደረብ የሚያደርጉት ልብስ፣ ውሃና ጥቂት ስንቅ ያስፈልጋል። የስንቁን ላስቲክና ጠርሙስ በጫካው ጥሎ መመለስ ግን ከእንግድነት ሥርዓት የወጣ ነውር ነው። በማርያም፣ በራጉኤልና በኪዳነ ምሕረትም ሕሙማን ፈውስ ለማግኘት የሚጸልዩበት ስፍራ መሆኑን አስቦ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ በልብስም በድምፅም ሥርዓት ይዞ ማለፍ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው።

ጉዞው ሽሮ ሜዳ ላይ ሲያበቃ፣ መንገደኛው በሸማኔዎቹ ሱቆች መካከል ያልፋል። በየበሩ የተንጠለጠለውን ነጠላና ጋቢ ከሠሩት ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ባለሙያዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ጧት ሲያልፍ ልብስ ብቻ ያየ ሰው፣ ማታ ሲመለስ ምናልባት እጅን ማየት ይጀምራል፤ ቀኑን ሙሉ ከተማው በማን ትከሻና በማን እጅ እንደ ቆመ ሲመለከት ውሏልና።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቶች፣ ለዩኒቨርሲቲ ማኅበራትና ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመቱ፣ ተማሪም ትምህርቱን ሳይጨርስ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንጦጦን በእግሩ ይዙር። በሌላ ከተማ ያለውም እንጦጦ የለኝም አይበል፤ ውሃው የሚመነጭበት፣ ማገዶው የሚመጣበት፣ አባቶች የቆሙበት ተራራ የሌለው የኢትዮጵያ ከተማ ጥቂት ነው። ማየት ማመን ነው ይባላል። እኛ ደግሞ ለወጣቱ ሹም አንድ ነገር እንጨምርለታለን፤ ዞሮ ያላየውን ስፍራ በወረቀት ለማዘዝ አይቸኵል።